ካልሆነ እንደ ጥጥ ቁጠረው

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ሱፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያ ሰማያዊ የምንለው ነካሪ አይደለም።

ይህችን ለመጻፍ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ሆድ ይፍጀው እያልኩ... ሆዴን ፈጀው እንጂ ነገሩን አልፈጀውም።

ጻፍኩት፤ ጣሪያው አልወረደም። ሻዬ እንኳ ገና ትኩስ ነው።

ቀኑ እንደማንኛውም ሰኞ ነበር። ጠዋት ጸሎቴን አደረስኩ። ሸሚዜን ተኮስኩ፤ አንገትጌው ዛሬም አልሆነልኝም፤ ባለቤቴ እንዴት እንደምታደርገው ሳላይ ቀረሁ። ፋብሪካ ገባሁ። ከወንበሬ በመስታወቱ በኩል ቀለም ክፍሉ ይታየኛል። ሰባት የብረት ጋኖች፣ እንፋሎት፣ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ። ሰማያዊ ጋሪውን እየገፋ አለፈ። ሰማያዊ የምንለው በጥፍሮቹ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቀለም ሲነክር ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። አሁን ግን አይነክርም። ጋሪ ይገፋል። እጁን አነሣልኝ። አነሣሁለት።

በየቀኑ እንዲህ ነው።

ለምን ዛሬ ጻፍኩት? ምናልባት አዲሷ የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያ ስለመጣች። የኔን ፕሮግራም አፍርሳ ሌላ ልትሠራ ነው። ሰው ጓዳዬን ሊፈትሽ ሲመጣ ቆሻሻዬን ቀድሜ ላየው ፈለግኩ መሰለኝ።

ደክሞኛል። ያደከመኝ ሥራው አይደለም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

ለራሴ እየጻፍኩ ለማን አስረዳለሁ? ግን ከሥሩ ካልጀመርኩ መሐል ላይ ራሴን እሸውዳለሁ። አውቃታለሁ ይችን ነፍሴን።

ፋብሪካችን የሰው ጨርቅ ተቀብሎ ቀለም ይነክራል። የኔ ሥራ የሥራ ወረቀት ማውጣት ነው። ጨርቅ ሲመጣ ዓይነቱንና ክብደቱን ኮምፒውተሩ ላይ እጽፋለሁ፤ ፕሮግራሙ አስልቶ ያትማል። ይህን ያህል ውሃ፣ ይህን ያህል ቀለም፣ ሶዳ ወይስ አሲድ፣ ሙቀቱ ቶሎ ይውጣ ወይስ ቀስ ብሎ፣ ጋኑ በፍጥነት ይዙር ወይስ በዝግታ። ነካሪው ወረቀቱን ይዞ ይሠራል። ጥንት በእጄ ነበር የምጽፈው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩ ወረቀት ጸሐፊ ነበርኩ። ከዚያ ለሦስት ወር ሥልጠና ላኩኝ፤ ፕሮግራሙን ራሴ ጻፍኩት። ባለቤቴ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "ባሌ ኮምፒውተር ያናግራል" እያለች ታወራ ነበር። ነፍሷን ይማር። እሷን ማናገር ይሻለኝ ነበር።

ፕሮግራም ውስጥ ፋንክሽን ማለት እንደ አንድ ሠራተኛ ነው። ስም አለው። ዕቃ ትሰጠዋለህ፣ ሠርቶ ይመልስልሃል። አብዛኛው የሚቀበለው ዕቃ የተወሰነ ነው። የሥልጠናው አስተማሪ ግን አንድ ቀን፣ "የማንኛውንም ዓይነት የሚቀበል ፋንክሽንም አለ፤ ጄነሪክ ይባላል። ብልህ ሰው አንዴ ጽፎ ለሁሉም ይገለገልበታል" አለን። ብልህ የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም መሰለኝ።

ለጥጥ አንድ፣ ለፖሊስተር አንድ፣ ለናይለን አንድ እያሉ መጻፍ ያልተማረ ሰው ሥራ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ያልተማረ መባል እፈራለሁ። "ለማንኛውም ጨርቅ" የሚል አንድ ጄነሪክ ጻፍኩ። ኮራሁበት።

ጨርቅ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ በሆዱ ውስጥ ጥያቄ ከተትኩበት። ፖሊስተር ከሆነ እንዲህ፣ ናይለን ከሆነ እንዲያ... መጨረሻው ላይ፣ ከነዚህ ካልሆነ እንደ ጥጥ ቁጠረው። ያኔ ከአሥር ዘጠኙ የሚመጣልን ጥጥ ነበር። ምን አጠፋሁ?

አጠፋሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

አዲሷ ባለሙያ መጠየቅ አትታክትም። ነካሪዎቹ በሦስት ቀን ውስጥ "ጥያቄ" ብለው ስም አወጡላት። ሰምታ፣ "ለምን?" አለች። ሳቁባት።

ዛሬ አጠገቤ ተቀምጣ ፕሮግራሙን ስታገላብጥ ዋለች።

"ጋሼ፣ ይሄ ፋንክሽን ለማንኛውም ዓይነት ነው የሚለው፣ አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ የገባውን ሁሉ 'አንተ ማን ነህ? የማን ወገን ነህ?' ይለዋል። አሥራ አንድ ጊዜ፤ ቆጥሬዋለሁ። ይሄ ለሁሉም የተከፈተ በር አይደለም ጋሼ፣ ኬላ ነው።"

ሳቅኩ። ምን ላድርግ።

"ይቺ መጨረሻዋ ደግሞ... ካልሆነ እንደ ጥጥ ቁጠረው? የማያውቁትን መንገደኛ ሁሉ 'አጎቴ ነው' ብሎ ቤት ማስገባት እኮ ነው!"

አልሳቅኩም።

"የቆየ ነው" አልኳት።

የቆየ ነው፤ እውነት ነው። እውነት ተናግሮ መዋሸት የተካንኩ ሰው ነኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ጋሪው ሲያልፍ ወረቀት የወደቀብኝ አስመስዬ አጎነበስኩ። በዚህ ዕድሜዬ።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

የዚያን ቀኑን ልጻፈው።

ሱፍ ነክረን አናውቅም ነበር። አንድ ደንበኛ መቶ አርባ የሱፍ ብርድ ልብስ አመጣ። "ሱፍ" ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ ሱፍን አያውቅም፤ ግን አላውቅም አላለም። እንደ ጥጥ ቆጥሮ አተመው። ሶዳ፣ ቶሎ የሚወጣ ሙቀት፣ ፈጣን ዙር። ሶዳ ጥጥ ላይ ቀለሙን ያስይዛል፤ ሱፍን ግን ይበላዋል። ይህን ያኔ አላውቅም። ወረቀቱንም ሳላየው ሰጠሁ።

ሰማያዊ ይዞት ተመለሰ። በሩ ላይ ቆመ።

"ስማ እንጂ፣ ይሄ የበግ ጠጉር ሶዳ ይወዳል? ልቤ አልወደደውም።"

ቀና እንኳ አላልኩም። "አንተና ልብህ! ወረቀቱን ተከተል፤ እሱ ካንተም ከኔም ይበልጣል።"

"እሺ ጌታው" ብሎ ሄደ። እየቀለደ ነበር፤ ግን ሄደ።

ብርድ ልብሱ ከጋኑ ሲወጣ የሕፃን መጠቅለያ አክሏል። ቢጫ ሆኖ፣ እንደ ጫማ ሶል ጠጥሮ። ጩኸቱ እኔ ድረስ ተሰማ። ሮጬ ወረድኩ? አልወረድኩም። ፕሮግራሙን ከፈትኩ። አየሁት። የቀለም አቅራቢው የላከልንን መጽሐፍ ገልጬ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ሱፍ ከሆነ አሲድ፣ ቀስ ያለ ሙቀት፣ ዝግ ያለ ዙር። ሌላ ጨርቅ እንዳይበላሽ ብዬ ነው... ለራሴ እንዲህ ነበር ያልኩት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ሥራ አስኪያጁ መጡ። "ወረቀቱ የታል?" ሰማያዊ ከኪሱ አወጣ፤ በውሃና በእንፋሎት ሊጥ ሆኗል። "እንደገና ያትሙት" አሉኝ። አተምኩት። አሲድ ይላል።

"ሶዳ ነው ያነበብኩት" አለ ሰማያዊ። "ደግሞም ሄጄ ጠይቄዋለሁ፤ ይመስክር።"

"ጠይቆዎታል?"

"ጠይቆኛል። ወረቀቱን ተከተል ብዬዋለሁ።"

ከአፌ የወጣው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ውሸት የለባትም። ሰማያዊ ግን ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከዚያ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ በጋኖቹ መካከል ሰብስበው የቅጣት ደብዳቤውን አነበቡት። "የሥራ ወረቀት በቸልተኝነት አሳስቶ በማንበብ..." ከነካሪነት ወደ ጋሪ። እኔም ቆሜ ሰማሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። "ራሴን ነው።" እርጥብ ፎጣ ግንባሬ ላይ አኖረችልኝ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች። ሳልነግራት።

እሑድ፣ መጋቢት 9

ልጄ መጣች። ከተማው ዳር ነው የምታስተምረው፤ በሁለት አውቶቡስ።

"አባዬ ከስተሃል። ምንድነው የምትበላው?"

"ያገኘሁትን።"

"ያገኘኸውማ ይታያል፤ አጥንትህ።" ድስቱን እያማሰለች፣ "ጋሽ ሰማያዊ ደህና ነው?" አለችኝ።

"ደህና ነው።"

"የእማዬ ቀብር ጊዜ እኮ ሦስት ቀን ከጎንህ አልተነሣም። የገዛ ወንድምህ በሁለተኛው ቀን ሄዷል። እንደሱ ያለ ሰው ለሰው አንድ ይበቃል።"

እንጀራ አባት እንኳ በእንጀራ ልጁ ፊት እንዲህ አይጨንቀውም... አፌን ከፈትኩ።

"ልጄ።"

"አቤት?"

"...ጨው አንሶታል።"

ቀመሰችው። "አላነሰውም።"

ከሄደች በኋላ ሳህኑን አጠብኩ። አድርቄ ካስቀመጥኩት በኋላ እንደገና አጠብኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

ጥያቄ ፋንክሽኔን ዛሬ ሰነጣጠቀችው። የጥጥ ለብቻው፣ የሱፍ ለብቻው፣ የፖሊስተር ለብቻው። አጠር ያሉ፣ ተራ ፋንክሽኖች። ሳየው ከፋኝ። አንድ ትልቅ ዋርካ ቆርጠው ማገዶ ሲያደርጉት ያህል።

"ጄነሪክ ጥፋት ነው እንዴ?" አልኳት። ትንሽ ሳልቆጣ አልቀረሁም።

"ኧረ በጭራሽ! የማተሚያዋን ፋንክሽን እኮ አልነካኋትም፤ እንዳለች ጄነሪክ ናት፤ ቆንጆ አድርገው ነው የጻፏት። ጥጥም ይምጣ ሱፍ፣ ማተም ያው ማተም ነው። ማን ነህ ብላ አትጠይቅም። ለሁሉም አንድ ዓይነት የሚሠራ ነገር ከሆነ አንድ ይበቃል። እያንዳንዱ የራሱ ሕግ ካለው ግን ጋሼ፣ በየስሙ ይጻፉለት። ይርዘም፤ ምን ይሆናል? ሲሳሳት የትኛው እንደተሳሳተ ይታወቃል።"

"ስሙ ያልተጻፈ ጨርቅ የመጣ ለታስ?"

"እምቢ ይላላ። 'ይሄን አላውቀውም' ይበል።"

"ሥራ ይቆማላ።"

"ይቁማ! ከሚያበላሽ አይሻልም?"

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት መደርደር ጀመርኩ። ስድስት ዓመት መልሱን ሳውቀው።

ከዚያ ሰበር ዜናውን እንደ ቀልድ ነገረችኝ። አዲሱ ፕሮግራም ረቡዕ 19 ይገባል። አሮጌው ከነፎልደሩ፣ ከነታሪኩ ይጠፋል፤ ሥራ አስኪያጁ ቦታ ይለቀቅ ብለዋል። ታሪኩ ማለት፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ስም ምን እንደተቀየረ ኮምፒውተሩ የያዘው መዝገብ ነው። ሥልጠናው ላይ አስተካክላችሁ ያዙት ስላሉን ከመጀመሪያው ይዤዋለሁ።

ስለዚህ ረቡዕ ያ ስምንት ሰዓት ይጠፋል። ዓለም ላይ ያለ ብቸኛ ምስክር እሱ ነበር፤ ከኔ ሌላ።

ልቤ ቀለል አለው። ያ ነው ያስፈራኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 12

ዋና ነካሪው በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሊወጡ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ሰብስበውን፣ "ማንን እንተካ?" አሉ።

ዋና ነካሪው፣ "ሰማያዊን" አሉ። አንድ ቃል።

"እጁ ወርቅ እንደነበረ አውቃለሁ" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ግን ፋይሉ ውስጥ ያ የሱፍ ነገር አለ። ወረቀት አሳስቶ ለሚያነብ ሰው ሰባት ጋን ላስረክብ?" ወደ እኔ ዞሩ። "አይመስልዎትም?"

"እርስዎ ያውቃሉ" አልኩ።

ዓርብ 21 ይወስናሉ። እርስዎ ያውቃሉ! እሳቸው ምን ያውቃሉ? ያሳወቅኳቸውን ነው የሚያውቁት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

ሰማያዊ ጓሮ ውስጥ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ጠራኝ። መሸሽ አልቻልኩም።

"ሰማህ? ለዋና ነካሪነት ስሜን አንሥተውት ነበር አሉ።"

"ሰማሁ።"

"መተዋቸው ደግ ነው።"

"ለምን?"

"እኔስ ራሴ እሺ እላለሁ እንዴ? ዓይኔን አላምነውማ። የመድኃኒት ጠርሙስ እንኳ ሚስቴ ናት የምታነብልኝ። ሐኪሙ 'ዓይንህ የጎረምሳ ነው' ይለኛል። ይበል! እኔ ግን የዚያን ቀን ሶዳ የሚል ቃል አይቻለሁ። በነዚህ ዓይኖች። ወረቀቱ ላይ ያልነበረ ቃል።" ሻዩን ፉት አለ። "ያልተጻፈ የሚያነብ ሰው ምን ይባላል?"

የሰጠኝን ሻይ እንደያዝኩ አየሁት።

"እብድ ይባላል" ብሎ ሳቀ። "ጠጣ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ? ደግሞ አይዞህ፣ አልናከስም።"

ሥራውን ብቻ የወሰድኩበት መስሎኝ ነበር። ሥራውን። እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ነካሪነት ከባድ ነው፣ ዕድሜውም ገፍቷል፣ ጋሪ ይቀለዋል እያልኩ። ለካ ዓይኑን ነው የወሰድኩበት። የገዛ ዓይኑን እንዳያምን አድርጌ በጎረምሳ ዓይን ዕውር አደረግኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ፣ "አውቄም ሳላውቅም የበደልኩትን ይቅር በለኝ" እያልኩ ጸልያለሁ። ሁሉንም ይይዛል ብዬ።

ዛሬ ተንበርክኬ ግማሽ ላይ ቆመብኝ።

ይቺም የኔው ፋንክሽን ናት። ለማንኛውም ዓይነት በደል። የሱፉ በደል ሲገባባት አላውቅህም አላለችውም። እንደ ሌላው ቆጠረችው። እንደ ንዴት፣ እንደ ስንፍና፣ ለጎረቤት ሰላምታ እንደ መንፈግ... እና አሳለፈችው።

በስሙ ልጥራው ብዬ ሞከርኩ። "የሰማያዊን..." ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ፤ ተነሣሁ። ጉልበቴን ነው ያመመኝ? እንዲህ እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15

ሸሚዝ ተኮስኩ። ሌላ ምንም።

እሑድ፣ መጋቢት 16

ልጄ ፈተና እያረመች ነው፤ አልመጣችም። ቤቱ ጭር ብሏል። የባለቤቴን ሣጥን አቧራ ጠረግኩ።

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰማያዊ ጋሪ ላይ በተመደበ ሳምንት እሷ ሚስቱን ልጠይቅ ብላ ሄዳ ነበር። ስትመለስ ነጠላ ጫማዋን በር ላይ እያወለቀች፣ "ሰውየው መስተዋት ፊት ቆሞ ዓይኑን በጣቱ ገልጦ ያያል አለችኝ። ምን ሆኖ ነው?" አለች። እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ ነበር። "እኔ ምን አውቃለሁ" አልኳት።

ረስቼው ነበር? አይ። አስቀምጬው ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ስድስት ዓመት አደረ። ያየሁት ሲደፈርስ ነው። ረቡዕ ደግሞ ጨርሶ ይደፋል።

ሰኞ፣ መጋቢት 17

ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ነው ጥያቄን፣ "አሮጌውን ፎልደር ክፈቺልኝ" ያልኳት።

"የየትኛውን ቀን?"

ቀኑን ነገርኳት። ተናግሬ ሳልጨርስ ከፍታዋለች።

"ታውቂዋለሽ?"

"አይቼዋለሁ። ከሌላው ይለያል። ሌላ ጊዜ ሲቀይሩ ምክንያቱን ይጽፋሉ፤ 'ናይለን ተጨመረ'፣ 'የውሃው ልክ ታረመ'። የዚያን ቀን ግን ምክንያት የሚጻፍበት ባዶ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከአሥር።"

"ሁሉን ስትጠይቂ ይሄን እንዴት አልጠየቅሽኝም?"

ትከሻዋን ነቀነቀች። "ሰው ባዶ የሚተወው እንዲጠየቅ ስለማይፈልግ ነው ብዬ።"

ነገርኳት። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ የሚያሳዝን ሽማግሌ። ጋሪ የሚገፋው ሰው ነው ስላት አፏን በእጇ ያዘች። ዓርብ ዕለት ጋሪውን አቁሞ በር ከፍቶላታል።

"ጋሼ... ረቡዕ እኮ ይጠፋል። ማንም አይጠይቅዎትም ነበር" አለች። እየፈተነችኝ ይሁን እያዘነችልኝ አላወቅኩም።

"ለዚህ ነው ዛሬ የመጣሁት" አልኳት።

የዚያን ዕለት ጠዋት የነበረውን ፕሮግራም አስነሣችው። "ሱፍ" ብላ ጻፈች፤ አተመ። ሶዳ። ከዚያ የስምንት ሰዓቱን፤ አሲድ። ሁለቱም ላይ ሰዓቱን በእስክሪብቶ ጻፍኩበት፤ ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ስድስት ዓመት?"

"ስድስት ዓመት።"

"እኔን አስቀምጠው... በገዛ አፌ አስነብበውኝ..." አልጨረሱትም። ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ፤ ዘጉት። "ምን ላድርግዎት አሁን?"

"የሚገባኝን።"

"ከፕሮግራሙ ይነሣሉ። መጋዘን ውስጥ ሰው ጎድሏል።"

"እሺ።"

"የሰውየውን ደብዳቤ ከፋይሉ አወጣለሁ። ዓርብም ስሙ ይታያል። በጸጥታ እንጨርሰዋለን። ለምን ይወራ? በቃ።"

በቃ ቢሉኝ ደስ ይለኛል ብዬ ስድስት ዓመት ጠብቄያት የነበረች ቃል ናት። ግን እግሬ አልተነሣም።

"አልበቃም" አልኳቸው። "ደብዳቤው የተነበበው ጋኖቹ መካከል ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ።"

"እና?"

"እዚያው ልናገር።"

"ይዋረዳሉ እኮ።"

"አዎ።"

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አሹት። "ነገ ፈረቃ ሲቀየር። አጭር ያድርጉት፤ ጋን አላቆምም።"

ከዚያ ወጥቼ ሰማያዊን አስቀድሜ ለብቻው ልንገረው ብዬ ጓሮ ድረስ ሄድኩ። ከሩቅ አየሁት፤ ጎማ ይነፋል። ተመለስኩ። ለብቻው ብነግረው፣ "ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው" ይለኛል። እኔም ያቺን ቃሉን ይዤ እሮጣለሁ። እሱን አውቀዋለሁ። ራሴንም አውቀዋለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 19

ተናገርኩ።

ጠዋት ጸሎቴ አጭር ነበር። ስሙን ጠራሁ፣ ያደረግኩትን ጠራሁ፣ ተነሣሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ወጪውም ገቢውም ፈረቃ ነበር፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ሰው። ጋን ሦስትና ጋን አምስት እየዞሩ ነው። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆመዋል። ጥያቄ ደረጃው ላይ። ሰማያዊ ጋሪውን ይዞ ከኋላ፤ እሱን ይመለከተዋል ብሎ አላሰበም፤ ከጎኑ ካለው ጋር ያወራል።

በቅጽል ስሙ ሳይሆን እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራሁት። ዞረው አዩኝ። ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋ። ያልኩት ይህን ነው፦

"የዛሬ ስድስት ዓመት መቶ አርባ ብርድ ልብስ ያበላሸው እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ወረቀቱ ሶዳ ይል ነበር። በትክክል ነው ያነበበው። ስህተቱ የኔ ፕሮግራም ነበር፤ ማንም ሳያየኝ አስተካክዬ ሌላ ወረቀት አተምኩና ዝም አልኩ። ሶዳ ይወዳል ወይ ብሎም ጠይቆኝ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም።"

"አይ አንተ ሰውዬ!" አለ አንዱ። ማን እንደሆነ አላየሁም። ሌላው ከንፈሩን መጠጠና ፊቱን አዞረ።

ሰማያዊ በሰው መካከል መጣ። ሁለቱን ወረቀት ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ጣቱን እያስከተለ ከላይ ጀምሮ አነበበ። ጣቱ ቆመ።

"ሶዳ" አለ።

ለኔ አልነበረም። ለማንም አልነበረም።

ከዚያ አየኝ። ፊቱ ላይ ምሕረት ፈለግኩ፤ አሁንም ስስቴ አልለቀቀኝም። አልነበረም። ቁጣውም ገና መንገድ ላይ ነው መሰለኝ፤ ስድስት ዓመት ርቆ ነውና የሚመጣው።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"እሱን ቆይ።" ወደ ኋላው ዞሮ አየ። "ጋን አምስት ጋ ያሉት አልሰሙም። ድገመው።"

እውነቱን ነው፤ ጋኑ ይጮኻል።

ጮክ ብዬ ደገምኩት፤ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሬ።